ማኅበራዊ ዲዛይንን በዩኒቨርሲቲ ለማስተማር የትኛው አካሄድ ይሻላል? አምስት አማራጮች ሲነጻጸሩ

ማኅበራዊ ዲዛይን የማኅበረሰብን ችግር ከሚመለከታቸው ሰዎች ጋር ሆኖ በዲዛይን ለመፍታት የሚደረግ ሥራ ነው። አንድ የዲዛይን ትምህርት ክፍል «ከመጪው ዓመት ጀምሮ ማኅበራዊ ዲዛይን እናስተምራለን» ብሎ ሲወስን፣ ስብሰባው ላይ የተቀመጡት ሁሉ አንድ ነገር ያሰቡ ይመስላቸዋል። አንዱ በልቡ የያዘው ሳምንታዊ የንድፈ ሐሳብ ትምህርት ነው። ሌላዋ የሚታያት ሴሚስተሩን ሙሉ ከአንድ ክሊኒክ ጋር የሚሠራ ስቱዲዮ፣ ማለትም ተማሪዎች ፕሮጀክት እየሠሩ የሚማሩበት ኮርስ ነው። ሦስተኛው ደግሞ የአንድ ሳምንት ወርክሾፕ አስቦ ነው እጁን ያወጣው። ስሙ አንድ ይሁን እንጂ የሚጠይቀው ጊዜ፣ የሚፈልገው ሰውና የሚያስከትለው ኃላፊነት በጣም ይለያያል።

ይህ መመሪያ የተጻፈው ለሥርዓተ ትምህርት ኮሚቴዎች፣ ለትምህርት ክፍል ኃላፊዎችና ኮርሱን ለሚረከቡ መምህራን ነው። አቋማችንን ከወዲሁ እንናገር፦ ምርጫውን መወሰን ያለበት ሴሚስተሩ ካለቀ በኋላ ለአጋሩ፣ ማለትም ተማሪዎቹ አብረውት ለሚሠሩት ድርጅት ወይም ሰፈር፣ ልትጠብቁት የምትችሉት ቃል ነው፤ የማስተማር ፍልስፍና ከዚያ በኋላ ይመጣል። ተማሪው ውጤቱን ይዞ ይሄዳል፣ መምህሩም ወደ ሌላ ኮርስ ይዞራል፤ ሰዎቹ ግን እዚያው ናቸው።

## መጀመሪያ መመዘኛው

አምስት ጥያቄዎች ይበቃሉ፤ ክብደታቸው ግን እኩል አይደለም።

ከሁሉም የሚከብደው ሴሚስተሩ ሲዘጋ ሥራው የማን ነው? የሚለው ነው። ተማሪዎች የሠሩት ነገር ሲበላሽ ስልክ የሚያነሣው ማነው? በስም የሚጠራ ሰው ከሌለ ተማሪዎቻችሁ ሰው የሚደገፍበት ነገር ሠርተው እንዲተዉ አታድርጉ።

ሁለተኛው የአጋሩ ሸክም ነው። ተማሪ የሚቀበል ድርጅት ነጻ አገልግሎት ያገኘ ይመስላል፤ ሒሳቡ ግን ሌላ ያሳያል። ስድስት ቡድኖች አንድን አጋር በየፊናቸው ሦስት ሦስት ጊዜ፣ አንድ አንድ ሰዓት ቢያነጋግሩት 18 የሥራ ሰዓት ወሰዱበት። ከዚያ ውስጥ ብዙው ያንኑ ጥያቄ ለስድስተኛ ጊዜ መመለስ ነው።

ሦስተኛው የመምህሩ ሰዓት ነው። 24 ተማሪዎች በአራት በአራት ቢቧደኑ 6 ቡድን ይሆናሉ። ለእያንዳንዱ ቡድን በሳምንት 30 ደቂቃ ምክር ቢሰጥ 3 ሰዓት ሄደ። እያንዳንዱ ቡድን የራሱ አጋር ካለው፣ ከአጋሮቹ ጋር ለመደዋወልና ለመገናኘት ሌላ 3 ሰዓት ይጨመራል፤ በ15 ሳምንት 45 ሰዓት ማለት ነው። ይህ ሰዓት በመምህሩ የሥራ ጫና ሠንጠረዥ ላይ ብዙውን ጊዜ ቦታ የለውም። አጋሮቹን ወደ ሁለት ብታወርዷቸው ያ 3 ሰዓት ወደ 1 ይወርዳል። ቀላል ውሳኔ ነው፣ ግን የሚያደርገው ጥቂት ነው።

የቀሩት ሁለቱ የሥነ ምግባር ስጋት (ተማሪው ከማን ጋር ይገናኛል? ምን ይመዘግባል? ምን ተስፋ ያሳድራል?) እና ምን መመዘን ይቻላል የሚሉት ናቸው። ገንዘብን ለብቻው መመዘኛ አላደረግነውም፤ ወጪው የሚመነጨው ከእነዚሁ ነውና። ትልቁ ወጪ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሰው ሰዓት ነው፤ የናሙና መሥሪያ ቁሳቁስ ከዚያ በጣም ያንሳል።

## አማራጭ 1፦ በጉዳይ ጥናት ላይ የቆመ የክፍል ኮርስ

ተማሪው መስክ አይወጣም። የተሳኩና የከሸፉ ሥራዎችን ይመረምራል፣ ይከራከራል፣ ይጽፋል። ከ60 በላይ ተማሪ ባለበት ክፍል ያለ ጉዳት ሊሰጥ የሚችለው ይህ ብቻ ነው።

ብዙ ሰው እንደ ደካማ አማራጭ ያየዋል፤ እኛ አንስማማም። በደንብ የተመረጠ አንድ ጉዳይ ምን እንደሚያስተምር እንይ። ፕሌይፓምፕ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ በደቡባዊ አፍሪካ ገጠሮች የተተከለ፣ ልጆች እየተሽከረከሩ ሲጫወቱበት ውኃ የሚስብ መሣሪያ ነው። ሲተዋወቅ በሰዓት 1,400 ሊትር እንደሚያወጣና አንዱ ለ2,500 ሰው እንደሚበቃ ይነገር ነበር። ተማሪዎቹን ካልኩሌተር አስይዟቸው። ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር ብቻ ቢታሰብ 37,500 ሊትር ያስፈልጋል፤ ለ1,400 ሲካፈል 26.8 ሰዓት ይመጣል። ልጆቹ ሳይተኙና ሳይማሩ ቢጫወቱ እንኳ ቀኑ አይበቃም። ቀጥሎ ጠይቋቸው፦ ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲሆኑ ማን ያዞረዋል? ያዞሩት ሴቶች ነበሩ፤ ለልጅ ጨዋታ በተሠራ መሣሪያ ላይ አጎንብሰው። አንድ ማካፈልና አንድ ጥያቄ ብዙ ስላይድ የማያስተምረውን ያስተምራሉ።

ሌላው ጠቃሚ መሣሪያ ሸሪ አርንስታይን እ.ኤ.አ. በ1969 ያወጣችው ባለ 8 ደረጃ የዜጎች ተሳትፎ መሰላል ነው። ታችኛው እርከን ሰውን አታልሎ ማስጨብጨብ ነው፤ ላይኛው ውሳኔው በነዋሪዎቹ እጅ ሲገባ ነው። ተማሪዎች እያንዳንዱን ጉዳይ ከመሰላሉ ላይ ያስቀምጡ፣ ምክንያታቸውንም በማስረጃ ይደግፉ። «አሳትፈናል» የሚለው ቃል ምን ያህል ልቅ እንደሆነ ቶሎ ይገባቸዋል።

ድክመቱ ግልጽ ነው። ጎበዝ ተቺዎች ይወጡበታል፣ ከሰው ፊት ተቀምጦ መጠየቅ ግን አይችሉም። ማካካሻው ሁለት ሳምንት ለቃለ መጠይቅ ልምምድ መስጠት ነው፤ እርስ በርሳቸው ይጠያየቁ፣ ድምፁን ይቅዱ፣ የራሳቸውን ጥያቄ ይስሙ። «ይህ ቢኖር ትጠቀሙበት ነበር?» የሚለው ጥያቄ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ «አዎ» ያስገኛል፤ ሰው ጨዋ ነውና። «ይህ ችግር መጨረሻ የገጠማችሁ መቼ ነው? ያኔ ምን አደረጋችሁ?» ሲባል ግን እውነተኛ ነገር ይወጣል።

## አማራጭ 2፦ አጭር ወርክሾፕ

ከ5 እስከ 10 ቀን፣ ሙሉ ቀን፣ ብዙውን ጊዜ በሴሚስተር መካከል። ለማዘጋጀት ይቀላል፣ ፎቶው ያምራል፣ የዩኒቨርሲቲው የሕዝብ ግንኙነት ክፍልም ይወደዋል። እንድትጠነቀቁ የምንፈልገው በዚሁ ምክንያት ነው።

ዋናው አደጋ በአምስተኛው ቀን የሚሆነው ነው። ተማሪዎች የሚያማምሩ ሥዕሎች ይዘው በነዋሪዎች ፊት ይቆማሉ፣ ነዋሪው ያጨበጭባል፣ ከዚያ ማንም አይመለስም። ለሠሪዎቹ ልምምድ የነበረው ለተመልካቹ ቃል ሆኖ ቀረ። ቀጣዩ መምህር ወደዚያው ሰፈር ሲሄድ በሩ ለምን እንደከበደ ላያውቅ ይችላል።

ስለዚህ ጥብቅ ገደብ አብጁ፦ በአጭር ወርክሾፕ የሚሠራው ነገር በዚያው ሳምንት ተሠርቶ፣ ተፈትኖ፣ ሊረከብ የሚችል መሆን አለበት። የአንድ ክሊኒክ መመዝገቢያ ቅጽ ጥሩ ምሳሌ ነው። በመጀመሪያው ቀን አምስት ሰዎች፣ ፈቅደው፣ ነባሩን ቅጽ በተፈለሰፈ መረጃ ይሞላሉ፤ ተማሪዎቹ ምንም ሳያስረዱ ብዕሩ የቆመበትን ቦታ ሁሉ ምልክት ያደርጋሉ። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን አዲስ ቅጽ ይነደፋል። በአራተኛው ሌሎች አምስት ሰዎች ይሞሉታል። በአምስተኛው ቀን ሊታተም የተዘጋጀው ፋይልና ክሊኒኩ ራሱ ሊያስተካክለው የሚችለው ቅጂ አብረው ይሰጣሉ። ለዝና የሚበቃ ሥራ አይደለም፤ ግን ያልተፈጸመ ቃል አያስቀርም።

## አማራጭ 3፦ ከአጋር ጋር የሚሠራ የአንድ ሴሚስተር ስቱዲዮ

አብዛኛው ትምህርት ክፍል የሚመርጠው ይህንን ነው፤ አብዛኛው ስህተትም የሚፈጸመው እዚህ ነው። 15 ሳምንት ረጅም ይመስላል። ሲከፋፈል እንዲህ ነው፦

- ከሴሚስተሩ 8 ሳምንት በፊት፦ አጋር መምረጥ፣ የመግባቢያ ሰነድ መፈራረም፣ የሥነ ምግባር ፈቃድ (ሰዎችን ለማነጋገርና መረጃቸውን ለመመዝገብ የሚገኝ ፈቃድ) ማመልከቻ ማስገባት
- ሳምንት 1–2፦ የቃለ መጠይቅና የምልከታ ልምምድ፣ የስምምነት ቅጽ አጠቃቀም
- ሳምንት 3–5፦ መስክ
- ሳምንት 6፦ የተረዱትን ለአጋሩ መልሶ ማቅረብና መታረም
- ሳምንት 7–10፦ ሻካራ ናሙናዎች
- ሳምንት 11–12፦ ከተጠቃሚዎች ጋር ሙከራ
- ሳምንት 13፦ ማስተካከል
- ሳምንት 14፦ ርክክብ
- ሳምንት 15፦ የግል ግምገማ

መጀመሪያ የሚሰናከለው የሥነ ምግባር ፈቃዱ ነው። ማመልከቻውን ተማሪዎቹ በሁለተኛው ሳምንት ካስገቡት መልሱ በስድስተኛው ሊመጣ ይችላል፤ የመስክ ጊዜው አለቀ። መምህሩ ለሁሉም ቡድኖች የሚያገለግል አንድ ጥላ ማመልከቻ አስቀድሞ ያስገባ። በእሱም ውስጥ ከማን ጋር እንደማይሠራ ይገለጽ። የመጀመሪያ ዙር ተማሪዎች ከሕፃናት፣ ከታማሚዎችና ከጥቃት ተጎጂዎች ጋር በቀጥታ ባይገናኙ ይመረጣል፤ ከእነሱ ጋር የሚሠሩ ባለሙያዎችን ማነጋገር ይበቃል።

ሁለተኛው መሰናክል ስድስተኛውን ሳምንት መዝለል ነው። ጊዜ ሲያጥር መጀመሪያ የሚሰረዘው እሱ ነው፤ ውጤት አይታይበትማ። ግን ተማሪዎቹ የተሳሳተ ችግር እየፈቱ መሆናቸው የሚታወቀው እዚያ ነው። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2007 አንድ የተማሪዎች ቡድን የተሰጠው ሥራ ርካሽ የጨቅላ ሕፃናት ማሞቂያ መሥራት ነበር። ከቡድኑ አንዱ ኔፓል ሄዶ ሆስፒታል ሲጎበኝ በእርዳታ የመጡ ማሞቂያዎች ባዶአቸውን ተቀምጠው አገኘ። ሕፃናቱ የሚወለዱት ከሆስፒታል ርቀው፣ መንደር ውስጥ ነበር። ሥራው ከዚያ በኋላ ያለ ቋሚ ኤሌክትሪክ ሙቀት ወደሚይዝ ከረጢት ዞረ፤ ኤምብሬስ የሚባለው እሱ ነው። ልብ በሉ፣ ያ ኮርስ ሁለት የትምህርት ሩብ ዓመት የሚወስድ ነበር፤ ምርቱ ሰው እጅ የገባውም ከኮርሱ በኋላ ተማሪዎቹ ድርጅት አቋቁመው ለዓመታት ስለሠሩበት ነው። በ15 ሳምንት ይህን የሚያህል ውጤት ለአጋር ቃል መግባት አይገባም።

ሦስተኛው መሰናክል የነጥብ አሰጣጡ ነው። የመጨረሻው ምርት 60 ከመቶ ከያዘ ተማሪው በሰባተኛው ሳምንት ማዳመጡን ያቆማል፤ ሐሳቡን ከለወጠ ይከስራልና። የሚሠራ ክፍፍል እነሆ፦ የመስክ ማስታወሻና ማስረጃ 25፣ የውሳኔ መዝገብ (ምን ተቀየረ? ማን ባለው ምክንያት?) 25፣ ርክክብ 20፣ የመጨረሻ ምርት 20፣ የግል ግምገማ 10። አጋሩ የርክክቡን ነጥብ ይስጥ፤ የተማሪ ውጤት የማበላሸት ሸክም እንዳይጫነው ግን በ«አዎ» እና «አይ» በሚመለሱ አምስት ጥያቄዎች ብቻ።

የርክክቡ ማኅደር ራሱ ከፖስተር የበለጠ ትኩረት ይሻል። መያዝ ያለበት አንድ ገጽ ማጠቃለያ፣ ልኬት ያላቸው ሥዕሎች፣ የቁሳቁስ ዝርዝር ከምትኩ ጋር፣ የጥገና መመሪያ፣ እስከ መቼና ማን ሊጠየቅ እንደሚችል ነው። ዲጂታል ሥራ ከሆነ የመለያ ስምና የይለፍ ቃሉ በአጋሩ ኢሜይል መመዝገብ አለበት። የተለመደው ጥፋት ድረ ገጹ በአንዲት ተማሪ የግል ኢሜይል መከፈቱ ነው፤ ተመርቃ ስትሄድና የዓመቱ ክፍያ ሲደርስ ማስታወሻው ማንም በማያየው ሳጥን ውስጥ ይገባል፣ ገጹም ይዘጋል።

## አማራጭ 4፦ ዓመታት የሚዘልቅ ፕሮጀክት

ፕሮጀክቱ ይቆያል፣ ተማሪው ይቀያየራል። በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1995 የተጀመረው ኢፒክስ የተሰኘ ፕሮግራም ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው፤ የመጀመሪያ ዓመትና ተመራቂ ተማሪዎች በአንድ ቡድን ይሠራሉ፣ ፕሮጀክቱም ከሴሚስተር ሴሚስተር ይሻገራል። አንጋፋው ሲወጣ እውቀቱ ቡድኑ ውስጥ ይቀራል። በማሳቹሴትስ ኢንስቲትዩት ኦፍ ቴክኖሎጂ እ.ኤ.አ. በ2002 የተመሠረተው ዲ-ላብም ኮርሶቹን ከረጅም የመስክ ግንኙነቶች ጋር ያያይዛል።

በሥነ ሕንፃ ደግሞ ነድፎ እስከ መገንባት የሚደርስ ዓይነት አለ። በአላባማ የሚገኘው የኦበርን ዩኒቨርሲቲ ሩራል ስቱዲዮ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ በአንድ ገጠራማ አካባቢ ሰፍሮ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2005 የጀመረው የመኖሪያ ቤት ፕሮጀክት በ20,000 ዶላር ሊሠራ የሚችል ጥሩ ቤት መፈለግ ነበር፤ አንዱ ዙር ተማሪ የሠራውን ቀጣዩ እያሻሻለ ሄዷል። ዋጋውን እንደ ዲዛይን ገደብ መያዝና ያንኑ ጥያቄ በየዓመቱ መልሶ መጠየቅ ልንኮርጀው የሚገባ ልምድ ነው።

ይህ ጥልቅ ትምህርት የሚሰጥ አማራጭ ነው፤ ጨካኝም ነው። ቋሚ አስተባባሪ፣ ከ3 ዓመት ያላነሰ የተረጋገጠ በጀት፣ ግንባታ ካለ ደግሞ ፈቃድ ያለው ባለሙያ፣ የደኅንነት ሥልጠናና መድን ይፈልጋል። ሁሉም በአንድ ትጉ መምህር ትከሻ ላይ ከተንጠለጠለ እሱ በሄደ ማግስት ይፈርሳል። ሁለተኛ ሰው ሳይመደብ አትጀምሩት።

## አማራጭ 5፦ በነባር ኮርሶች ውስጥ መዝራት

አዲስ ኮርስ የለም፤ በእያንዳንዱ ነባር ኮርስ ውስጥ አንድ መልመጃ ይገባል። የግራፊክስ ተማሪ ፊደልና ጀርባ ቢያንስ 4.5 ለ 1 የብርሃን ንጽጽር እንዲኖራቸው ይሠራል፤ ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ በመካከለኛ ደረጃው ለተራ ጽሑፍ የሚጠይቀው ይህንን ነው። የሥነ ሕንፃ ተማሪ 45 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላለው መግቢያ በ1 ለ 12 ተዳፋት የተሽከርካሪ ወንበር መውጫ ሲነድፍ 5.4 ሜትር ርዝመት እንደሚፈልግ፣ ቦታ እንደሌለውም ይገነዘባል። መውጫውን ሕንፃው ከተነደፈ በኋላ የማሰብ ልማድ የሚለቀው እንዲህ ነው።

ወጪው ትንሽ ነው፣ ሁሉንም ተማሪ ይደርሳል። ችግሩ የሁሉም ሥራ የማንም ሥራ መሆኑ ነው። አንድ አስተባባሪ የማስተማር ጫናው ሩብ ተቀንሶለት ማን ምን እንደሚያስተምር ካልተከታተለ፣ ሦስት መምህራን አንድ ዓይነት መልመጃ ይሰጡና ሌሎቹ ይተዉታል።

## በአንድ እይታ

| መመዘኛ | የጉዳይ ጥናት | ወርክሾፕ | የሴሚስተር ስቱዲዮ | ባለ ብዙ ዓመት | በኮርሶች መዝራት |
|---|---|---|---|---|---|
| የሚመች የተማሪ ቁጥር | እስከ 100 | 15–30 | 16–24 | 10–20 በቡድን ቅብብል | ሁሉም |
| የመምህር ጫና | ዝቅተኛ | ለአጭር ጊዜ ከባድ | ከባድ | ቋሚና በጣም ከባድ | የተከፋፈለ |
| የአጋር ሸክም | የለም | መካከለኛ | ከፍተኛ | ከፍተኛ፣ ግን የሚክስ | ዝቅተኛ |
| የሥነ ምግባር ስጋት | በጣም ዝቅተኛ | ያልተፈጸመ ተስፋ | ከፍተኛ | በልምድ የሚቀንስ | ዝቅተኛ |
| ለመመዘን የሚቀለው | ትንተና | ትንሽ የተፈተነ ሥራ | ሂደትና ርክክብ | የዘለቀ ውጤት | የተለየ ክህሎት |
| ዝግጅት | 4 ሳምንት | 6 ሳምንት | 8 ሳምንት | 1 ዓመት | 1 ሴሚስተር |

ቁጥሮቹ ከሥራው ስፋት ተነሥተን የሰጠናቸው ግምቶች ናቸው፤ በየተቋሙ ትንሽ ይንሸራተታሉ።

## ለማን የትኛው?

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትጀምሩ፣ በጀት የሌላችሁ፦ አማራጭ 1፣ ከቃለ መጠይቅ ልምምድ ጋር። ስቱዲዮ ከፍቶ አጋርን ከማሳዘን በጥሩ ክፍል መጀመር ይሻላል።

24 ተማሪ፣ አንድ መምህርና አንድ ረዳት ያላችሁ፦ አማራጭ 3፣ ግን በሁለት አጋር ብቻ። የመስክ ጉብኝቶቹን ለሦስት ሦስት ቡድን በጋራ አድርጓቸው፤ ማስታወሻቸውንም ይጋሩ። ለነዋሪዎች ጊዜ የሚከፈል ትንሽ በጀት ከትራንስፖርቱ ቀድሞ ይያዝ።

ተማሪው ብዙ፣ መምህራኑም ፈቃደኛ ከሆኑ፦ አማራጭ 5 ለሁሉም፣ አማራጭ 3 ደግሞ ለሚመርጡት እንደ ምርጫ ኮርስ። ከሁሉም ጥምረቶች የምንመርጠው ይህንን ነው፤ ስቱዲዮው የሚቀበላቸው ተማሪዎች መሠረቱን ይዘው ይመጣሉ።

የ3 ዓመት በጀትና ሁለት ቋሚ ሰዎች ያሏችሁ፦ አማራጭ 4። ያለ እነዚህ ግን የአማራጭ 3ን አጋር ሳትቀይሩ ለሦስት ተከታታይ ዓመት ሥሩ፤ የአማራጭ 4ን ጥቅም ግማሽ ያህል ታገኛላችሁ።

ወርክሾፕ ብቻ የተፈቀደላችሁ፦ ከነዋሪ ጋር የሚደረግ ትልቅ ማቅረቢያ ሰርዙ፣ ቅጽ፣ የአቅጣጫ ምልክት ወይም የማስታወቂያ ሰሌዳ የመሰለ ትንሽ ሥራ ምረጡ።

ስቱዲዮ ለመረጡ የሚቀረው አንድ የመጠባበቂያ ቀን መቁረጥ ነው። ከሴሚስተሩ 4 ሳምንት በፊት የአጋሩ ፊርማና የሥነ ምግባር ፈቃዱ በእጃችሁ ካልገቡ ወደ አማራጭ 1 ዙሩ፤ ለዚህም የሦስት ጉዳዮች ማኅደር አስቀድሞ ይዘጋጅ። አጋሩ በመሃል፣ ለምሳሌ በሰባተኛው ሳምንት፣ ቢወጣ ሌላ አጋር አትፈልጉ፤ እስካሁን የተሰበሰበው ማስረጃ ለአጋሩ በንጹሕ ሪፖርት ይመለስ፣ ቀሪው ሴሚስተር በዚያው ማስረጃ ላይ ይሠራ፣ ለምርቱ የተያዘው 20 ነጥብም ወደ ውሳኔ መዝገቡ ይዛወር። ይህ ዝውውር በኮርሱ መግለጫ ላይ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መጻፍ አለበት፤ ካልተጻፈ የውጤት አቤቱታ ይመጣል።